ጋሼን ማለፍ ነውር ነው

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንዴት ከርመሃል? እንቅልፍህ፣ ሥራህ፣ ጾሙስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ካምፓላ፣ ዝናቡ ቢያጨቀየንም፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩህ ግን ከአንገት በታች ነው። አንገቴን ገድለኸዋል፤ ክስ አለብህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላክህልኝ የሆላንድ ብስክሌት ሰውን ቀጥ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ጎንበስ ማለት የለም። እንደ ዳኛ ተኮፍሼ ከናካዋ ገበያ ወደ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ስወርድ ፊቴ ከታክሲው መስኮት ጋር እኩል ይሆናል። ካምፓላን ደግሞ ታውቃታለህ፤ ዓይን ለዓይን ከተጋጠምክ ሰላምታ ግዴታ ነው። ተሳፋሪው «ምዜ! ምዜ!» እያለ በሽማግሌነቴ ይጠራኛል፤ የቦዳ ነጂው ሞተር ሳይክሉን አቀዝቅዞ ጤናዬን ይጠይቃል፤ ቲማቲም ሻጯ እጇን ታወዛውዛለች። እኔም ያገሬ ሰው ነኝና ለእያንዳንዱ አንገቴን ሰበር አድርጌ እጅ እነሳለሁ። ወርክሾፕ ስደርስ አንገቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። ምናለ ጎንበስ የሚያደርገውን ብትልክልኝና አስፋልቱን እያየሁ፣ ማንንም ሳላውቅ፣ በኩራት ባልፍ?

ክሴን ጨረስኩ። አሁን ምስጋናዬን ስማ።

ብስክሌቱን ከኮንቴይነር ሲያወርዱት ሁለት ጎረምሶች አቃሰቱ። ጥቁር፣ ረጅም፣ የካቴናው መሸፈኛ የበርሜል ቆርቆሮ የሚያህል። በሬ ይጠመድለት እንጂ ይህን ማን ይነዳዋል አልኩ። አክስትህ ካረፈች ወዲህ ኑሮዬ ከጄኔሬተር ጥገና ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ ጄኔሬተር ጥገና ነበር። ሐኪሙ ስኳርህ ወጥቷል፣ ተንቀሳቀስ ሲለኝ ምላሴን አንቀሳቅሳለሁ ብዬው መጣሁ። ያ ብረት ግን ግቢዬ ውስጥ ቆሞ እያየኝ አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ቀን ወጣሁበት። ማንም አላስተማረኝም፤ እንግሊዝኛውንም፣ የሞተር ጥቅለላውንም፣ ብስክሌቱንም እየወደቅኩ ነው የተማርኩት። ዛሬ ደረጃ መሃል ቆሜ አላርፍም። ሱሪዬ ያለ ቀበቶ አይቆምም። ሐኪሙም መድኃኒቴን ቀንሶልኛል። ልጄ፣ ዕድሜዬን ነው በኮንቴይነር የላክህልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሌላም የምነግርህ አለ። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ አንተ ግን ከባድ ወሬ ሲመጣ «ኔትወርክ የለም» ትላለህ። ወደ አንተ ወደ ሆላንድ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በወረቀት አደረግኩት። ወረቀት አይቋረጥም።

ቅዳሜ ጠዋት የሚወጡትን የሀበሻ ብስክሌተኞች መቼም አትረሳቸውም፤ አንተም አብረሃቸው ትወጣ ነበር። ቶሌራ አሁንም አለቃቸው ነው። ናካዋ ነዳጅ ማደያው ጋ፣ ልብሳቸው ቆዳቸው ላይ የተቀባ መስሎ፣ ላባ የሚያህሉ ብስክሌቶቻቸውን በአንድ ጣት እያነሱ ሲወራረዱ፣ እኔ በኮትና በባርኔጣ፣ ቅርጫቴ ውስጥ ዣንጥላና ሙዝ ይዤ ደረስኩ። ቶሌራ ደንገጥ ብሎ «ጋሼ፣ ከእኛ ጋር ነዎት?» አለኝ። «የለም፣ እናንተ ናችሁ ከእኔ ጋር» አልኩት።

ወደ ሙኮኖ ወጣን። ያልፉኛል ብዬ ጠርዜን ይዤ እነዳለሁ፤ የሚያልፍ የለም። ዞር ብል ያ ሁሉ እንደ ንፋስ የሚከንፍ ጎረምሳ ተሰልፎ፣ ፍሬን ይዞ፣ ከኋላዬ ይንፏቀቃል። ለካ ጋሼን ማለፍ ነውር ሆኖባቸው ነው! እርስ በርሳቸው «አንተ እለፍ»፣ «ኧረ አንተ ጀምር» ሲባባሉ ይሰማኛል። ኪዛ የሚባለው ኡጋንዳዊ ጓደኛቸው ብቻ ቀድሞ ከዓይን ጠፍቶ ነበር። ቢጠብቅ ቢጠብቅ ስንቀርበት ተመልሶ መጣና፣ ሰልፉን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀ። ቀብር መስሎት! በመጨረሻ ቶሌራ መላ አገኘ። «ጋሼ፣ ይፍቀዱልን» እያሉ አንድ በአንድ፣ ጎንበስ ብለው እጅ እየነሱ አለፉ። እኔም ለእያንዳንዱ መለስኩ።

ሁሉም አለፉ። ሰሎሜ ቀረች።

በመጨረሻው ደብዳቤህ የጎረቤቴን ውሻ ጤና ሳይቀር ጠይቀህ ድሮ ከአፍህ የማይጠፋውን የእሷን ስም ዘለኸዋል። ቦታ ጠቦህ ይሆናል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። እኔ ግን ሳልጠየቅ እነግርሃለሁ። መኪና የገጫትን ዕለት አልተርክልህም፤ ሆስፒታሉ በር ላይ እነማን እንደነበርን ሁለታችንም እናውቃለን። እግሯ ድኗል። ልቧ ግን ከአስፋልቱ ላይ አልተነሳም። ከሁሉም ፈጣኗ ልጅ፣ ከሰፈሯ ከሜንጎ ናካዋ ለመድረስ ብስክሌቷን በቶሌራ ፒክአፕ ታስጭናለች። ገዢ አግኝታለታለች፤ ከፋሲካ በኋላ ልትሰጠው ቃል ገብታ፣ ያን ቅዳሜ የመጣችው ጓደኞቿን ልትሰናበት ነበር።

ከኋላዬ መቅረቷ መጀመሪያ ጨዋነት መሰለኝ፤ እንደውም ኮራሁ። ግን ትንፋሿ ይሰማኛል። የጭነት መኪና በተጠጋን ቁጥር ትንፋሹ ይቆማል፤ መኪናው ርቆ ሲሄድ ነው የሚመለሰው። ያኔ ገባኝ። ብስክሌቴ ሰፊ ነው፣ እኔም ያው ሰፊ ነኝ፤ ሾፌሩ ሁሉ ከሩቅ አይቶ ይሸሸናል። ልጅቷ ከጀርባዬ ተጠልላለች። እንዳልገባኝ ሆኜ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዬን እንዳትተዪኝ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ብወድቅ ማን ያነሳኛል?» አልኳት። መጣች። ከዚያም በኋላ አልቀረችም። እኔ ሙዜን እየላጥኩ የባጥ የቆጡን አወራለሁ፤ እሷ ጀርባዬን እያየች ትነዳለች። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽህም። ጾሙ እየተጋመሰ ሲሄድ ግን ፋሲካን የሚፈራ ክርስቲያን ሆንኩ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ተንኮል ሠራሁ። ሙኮኖ ሳንደርስ ያለው ዳገት ላይ፣ መንገዱ ባዶ መሆኑን አይቼ፣ መርገጤን ቀነስኩ። ከዚያም ቀነስኩ። ብስክሌቴ ኤሊ ሆነ። የእሷ ጫማ፣ እንደምታውቀው፣ ከፔዳሉ ጋር ይቆለፋል፤ መንኮራኩሩ ካልሮጠ መውደቅ ነው። መንገዳገድ ጀመረች። «ጋሼ፣ ምነው? ደከመዎት?» አለች። «እለፊ» አልኳት። «ኧረ አላልፍዎትም፣ ነውር ነው!» «እለፊ ስልሽ!» «ጋሼ፣ ልወድቅ ነው!» «ስለዚህ እለፊያ!» «አልችልም» አለች፤ ድምጿ የሕፃን ሆነ። ይኼ «አልችልም» የነውር እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ያን ጊዜ አክስትህ የጠገበን እንግዳ የምታሸንፍበትን ቃል መዘዝኩ። «በሞቴ!» አልኳት። «በሞቴ፣ ሰሎሜ!»

መቼም በሞቴ ከተባለ በኋላ እምቢ የሚል የሀበሻ ልጅ አልተወለደም። «አይሙቱብኝ!» ብላ ጮኸች፤ ከኮርቻዋ ተነሳችና ጎኔን ታካ አለፈችኝ። ዳገቱን እንደ ሚዳቋ ወጥታ ከኩርባው ጀርባ ጠፋች።

ከዚያ በኋላ የያዘኝን ፍርሃት አልነግርህም። ምን አደረግኩ? መኪና ቢመጣስ? እመቤቴን እየጠራሁ ያን ብረት ገፋሁት። አናቱ ላይ ስደርስ አናናስ ሻጯ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ እያለቀሰች ትስቃለች። «ጋሼ፣ ለካ መንገዱ ይህን ያህል ሰፊ ነው! ስንት ጊዜ መጥተን እኔ ያየሁት የእርስዎን ኮት ብቻ ነው» አለችኝ። «ኮቴ ምን ጎደለው?» አልኳት። አናናስ ገዝተን በቁማችን በላን።

ያበቃለት መስሎኝ ነበር። ስንመለስ ግን ተመልሳ ከኋላዬ ገባች። «ያለፍኩዎት እርስዎ ከኋላዬ እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ብቻዬን ሌላ ነው፤ ገዢው ይውሰደው» አለች። እኔ እንደሁ ሁልጊዜ አልኖርላት። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ወርክሾፕ አልሄድኩም፤ ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ነው የዋልኩት። አንተ ብትሆን ኖሮ ምን ትላት ነበር ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ምናልባት አንተ አንድ ቃል ብትጽፍ

ቆይ፣ በሩ ይንኳኳል። የምጠብቀው ሰው የለኝም።

ተመለስኩ።

ሰሎሜ ናት። ሄልሜቷን አላወለቀችም፤ እስከ ባቷ ጭቃ ነው። የቶሌራን ፒክአፕ ፍለጋ መንገዱን ወጥቼ አየሁ፤ የለም። «ማን አመጣሽ?» አልኳት። «ማንም» አለችኝ። ከሜንጎ ናካዋ ድረስ፣ በጂንጃ ሮድ፣ በሥራ ቀን! «ከፊትሽስ ማን ነበር?» «ማንም፣ ጋሼ።» «ከኋላሽስ?» «የቦዳ ጥሩምባ!» አለችና ሳቀች። ለገዢው ደውላለታለች፤ አይሸጥም ብላዋለች። እኔም ሽማግሌነቴን ረስቼ ጭቃዋን ሁሉ አቀፍኩት።

ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። የሄልሜቷን ማሰሪያ ስትፈታ ቆየች። ከዚያ፣ ግድግዳውን እያየች፣ እዚያ ወፍራም ጃኬት እንዳለህ ጠየቀችኝ። እኔ የጄኔሬተር ሰው ነኝ፣ ስለ ጃኬት አላውቅም አልኳት። አሁን ከጀርባዬ ቆማለች፤ ወረቀቱን በክንዴ ሸፍኜ ነው የምጽፈው።

ስለዚህ ላሳጥር። ሰጪ እጅህን እግዚአብሔር ይባርከው። መንገድህን ሜዳ ያድርግልህ፤ ዳገት ካመጣብህም ነፋስ የሚከልልልህ ሰው አያሳጣህ። ትንሣኤውን በሰላም ያሳይህ።

ደብዳቤውን አላጠፍኩትም። ከታች ባዶ ቦታ ትቼ፣ ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶውን ደርቤበት፣ ሻይ ላፈላ ወደ ጓዳ ልገባ ነው። ሻይ ሳፈላ ደግሞ እንደምዘገይ ታውቃለህ።

የሚወድህ አጎትህ