የአቶ ቀለሙ ገብሬ የማያልቅ ቆጠራ

አቶ ቀለሙ ገብሬ ከአባታቸው ከአቶ ገብሬ ወልደሐና እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ይመር በመጋቢት ወር 1922 ዓ.ም. ከደሴ ወጣ ብሎ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ተወለዱ። አባታቸው በዚያ በነበረው ሆስፒታል ግቢ አትክልተኛ ስለነበሩ ፊደል የቆጠሩት እዚያው ከአስታማሚዎች ልጆች ጋር ነው። የወንጌልን እምነት የተቀበሉትም በዚያው ዕድሜያቸው ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምታቀርበው ታናሽ እህታቸው ፀሐይነሽ ገብሬ ናት። ፀሐይነሽ ዓርብ ዕለት የጻፈችው ሌላ ነበር። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ «ጭምት፣ ሰዓት አክባሪ፣ ከቤት ወደ ሥራ ከሥራ ወደ ቤት» ይላል። በስቴንስል ተባዝቶ ካለቀ በኋላ ትናንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በገዛ እጇ ቀደደችው። ለምን እንደቀደደችው በቦታው ይነገራል፤ እስከዚያ ታገሷት፣ እሷም ገና ከድንጋጤዋ አልወጣችም።

አቶ ቀለሙ ትምህርታቸውን በደሴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ በኮምቦልቻ በአንድ የእህል መጋዘን በጸሐፊነት ተቀጠሩ። ቆይተውም የመጋዘን ሹም ሆኑ። በ1949 ዓ.ም. ከወ/ሮ ባይነሽ አሊጋዝ ጋር ጋብቻ መሥርተው በደሴ ቧንቧ ውሃ ሠፈር ጎጆ ወጡ። በ1950 ዓ.ም. ልጃቸው ፌበን፣ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸው ኢዮስያስ ተወለዱ። አቶ ቀለሙ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ፣ ማታ ወደ ደሴ ይወጣሉ። በማኅበረ ምእመናኑም ለብዙ ዓመታት በሽማግሌነት አገልግለዋል።

ሽማግሌነታቸው ቀልድ አያውቅም ነበር። በተለይ ልብ ወለድ የሚባል ነገር ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ጸሎት ቤቱ ታሽጎ በየቤቱ እንሰበሰብ በነበረ ጊዜ እህታቸው ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሥር ሌላ መጽሐፍ ደብቃ ስታነብ ያዟት። የያኔ ሰው ሁሉ ያበደለት የደራሲ ዘነበች አራጋው መጽሐፍ ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ቀርቶታል፣ ገዳዩ ሊታወቅ ነው። አቶ ቀለሙ መጽሐፉን ከእጇ ወስደው በኪሳቸው ከተቱና «ዕድሜሽን በሰው ውሸት አትጨርሺ» አሏት፤ በሰው ፊት! መጽሐፉንም አልመለሱላትም። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ይኸው እስከ ዛሬ አለች።

መጻሕፍቱን ላላነበባችሁ፦ በካርታ ላይ የሌለች አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። በከተማዋ እማማ ሸሪፋ የሚባሉ ቅቤ ነጋዴ አሉ። ሰው በድንገት ይሞታል፣ ደም የለም፣ ሽጉጥ የለም። የእድሩ፣ እኛ ቅሬ የምንለው፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አገር ምድሩ ለለቅሶ ይመጣል። እማማ ሸሪፋም ከሴቶቹ መሐል ቁጭ ብለው ማን እንዴት እንዳለቀሰ፣ ማን ንፍሮውን እንዳልቀመሰ፣ ማን የሟቹን እናት አይን እንደሸሸ ያያሉ። ገዳዩን የሚያገኙት ሁልጊዜ ለቅሶ ቤት ነው። በመጨረሻም እውነቱ ወጥቶ ሁሉም በየቤቱ በሰላም ይተኛል። አንድ ነገር ብቻ አንባቢን ያማርር ነበር፤ ለቅሶው ይረዝማል። ድንኳኑ፣ ጎረቤቱ፣ ማስተዛዘኛው፣ ከሩቅ ገጠር የመጣው ዘመድ ሳይቀር እየተዘረዘረ ምርመራው ቶሎ አይጀመርም። ፀሐይነሽም «ይቺ ሴትዮ ለቅሶ አልጠገበችም እንዴ?» ስትል ከርማለች።

አሁን ወደ 1970 ዓ.ም. መመለስ ግድ ነው። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ልጃቸው ኢዮስያስ «ለጥያቄ ይፈለጋል» ተብሎ ከቤቱ ተወሰደ። በሳምንቱ ኮቱ ብቻ ተመለሰ። ድንኳን እንዳይተከል፣ ጥቁር እንዳይለበስ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ታዘዘ። በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ ቅሬያችን ግን ያን ቀን እስከ በሩ ደርሶ እንዲመለስ ተደረገ። የቅሬው ዳኛ አቶ ሰይድ ሙሄዲን ድንኳኑን እንዳዘሉ አጥሩ ሥር ቆመው እንባቸውን ጠርገው ሄዱ።

ወ/ሮ ባይነሽ ከዚያ ቀን ጀምረው አላለቀሱም። አልተናገሩምም ማለት ይቻላል። የሰው ለቅሶ መድረስ ተዉ፣ ከቅሬውም ወጡ። ለቅሶ የማይደርስ ሰው በእኛ ዘንድ በቁሙ የሞተ ነው፤ ቤተሰቡ የፈራውም ይህንኑ ነበር፣ እሳቸውንም ልናጣ ነው ብለን። አቶ ቀለሙ ጸለዩ፣ መከሩ፣ ሐኪም ቤት ወሰዱ። ምንም አልሆነም።

በዚያው ሰሞን አቶ ቀለሙ ማምሸት ጀመሩ። «ቆጠራ አለብኝ» ይሉ ነበር። የመጋዘን ቆጠራ በሰኔ ማብቂያ እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? እሳቸው ግን በጥቅምትም ቆጠራ፣ በሚያዝያም ቆጠራ! የእህል ዓይነት እየተወለደ ይሆን እንዴ ብለን እንቀልድ ነበር እንጂ የጠረጠረ አልነበረም። ሽማግሌ ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል?

በ1973 ዓ.ም. የመጀመሪያው መጽሐፍ ወጣ። እንዴት እንደመጣ ሳይታወቅ ወ/ሮ ባይነሽ መስኮት ላይ ተቀምጦ አገኙት። ሁለት ቀን አነበቡት። በሦስተኛው ቀን የጎረቤታቸውን የወ/ሮ ሐዋን በር አንኳኩተው «አንብበሽዋል?» አሉ። ለስንት ዓመት ዝግ የነበረ አፍ! ከዚያ ወዲያ አዲስ መጽሐፍ በወጣ ቁጥር የቧንቧ ውሃ ሴቶች ገዳዩን እየገመቱ ሲከራከሩ ወ/ሮ ባይነሽ መሐላቸው ናቸው። ሁለተኛው መጽሐፍ ከወጣ በኋላ የወ/ሮ ሐዋ አባት ሲሞቱ ለቅሶ ደረሱ። ሦስተኛው ሲወጣ ወደ ቅሬው ተመለሱ። አቶ ቀለሙም ማታ ማታ ጋዜጣቸውን እያገላበጡ፣ ምንም እንደማያገባቸው፣ «ለመሆኑ ማንን ጠረጠርሽ?» ይሏቸው ነበር። ወ/ሮ ባይነሽ አንድ ቀን እንኳ በትክክል ገምተው አያውቁም።

አቶ ቀለሙ ባደረባቸው የስኳር ሕመም ለሁለት ዓመት ያህል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ዓርብ ኅዳር 16 ቀን 1981 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ የጭነት መኪና ሾፌሩ ጀላል የሱፍ ካርቶን ተሸክሞ ገባ። ከአዲስ አበባ መምጣቱ ነው፣ መርዶውን የሰማው ኮምቦልቻ ሲደርስ ነው። ካርቶኑን ወ/ሮ ባይነሽ እግር ሥር አስቀምጦ ከፈተው። አዲሱ የዘነበች አራጋው መጽሐፍ ነበር፣ የማተሚያ ቀለሙ ገና ይሸታል። ፀሐይነሽ ሰውየው ለቅሶ ቤት መጽሐፍ ሊሸጥ መጣ ብላ ልትቆጣው ተነሥታ ነበር። ጀላል ግን እያለቀሰ ነው።

«አላህ ያጽናዎት፣ እትዬ ባይነሽ» አለ። «ዘነበች የምትባል ሴት የለችም። ጋሽ ቀለሙ ናቸው። ማታ ማታ መጋዘን ቢሮ በጽሕፈት መኪና የሚመቱትን ወረቀት አዲስ አበባ እያደረስኩ፣ የታተመውን እያመጣሁ ኖርኩ። በሕይወት እስካለሁ አትናገር ብለው አስምለውኛል፤ ወላሂ፣ አንድም ቀን አልተነፈስኩም። አሁን መሐላው ወረደልኝ።»

ድንኳኑ ክው አለ። አቶ ሰይድ የያዙት መቁጠሪያ ከእጃቸው ወደቀ። የማኅበረ ምእመናኑ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከመካከላቸው ቢያንስ ሁለቱ መጽሐፉን በድብቅ እንደሚያነቡ ፊታቸው አሳበቀ። እህታቸው ደግሞ፣ በእውነት ለመናገር፣ ከሐዘኗ በፊት ንዴቷ መጣ። የገዛ መጽሐፉን ነጥቋት «የሰው ውሸት» ያላት ሰው! ጉድ ነው፤ ሌላ ምን ይባላል? እንዲህ ያለ ነገር ደብቆ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲቆጣን ኖረ።

ያልደነገጡት ወ/ሮ ባይነሽ ብቻ ነበሩ። ከካርቶኑ አንድ መጽሐፍ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እኔማ ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ» አሉ። «የሞተው ሰው ኪሱ ሲፈተሽ የበቆሎ ቆሎ ተገኘበት ይላል። ሁሉም መጽሐፍ ላይ፣ ሟቹ ሽማግሌም ይሁን ነጋዴ፣ ኪሱ ውስጥ የበቆሎ ቆሎ አለ። የልጄ ኮት ሲመለስ ኪሱ ውስጥ የነበረውን እኔና አባቱ ብቻ ነን ያየነው።»

እውነት ነው። ኢዮስያስ በቆሎ ቆሎ በኪሱ ሳይዝ ከቤት አይወጣም ነበር፤ አንድ አንድ ፍሬ እየቆረጠመ ትምህርት ቤት ይደርሳል። እኛ አንባቢዎቹ ያ ቆሎ ፍንጭ መስሎን በየመጽሐፉ ስንከተለው ኖረናል፤ አንድም ቀን ወደ ገዳዩ አላደረሰንም።

ፀሐይነሽ፣ «ታዲያ ስምንት ዓመት እንዴት ዝም አልሽ?» አለቻቸው።

«እንዳያቆም ብዬ ነዋ» አሉ ወ/ሮ ባይነሽ። «የሚያፍር ሰው ነው፤ ማወቄን ካወቀ ይተወዋል። በየመጽሐፉ ለልጄ ድንኳን ይተክልልኝ ነበር። እኔም እያወቅሁ የተሳሳተ ሰው እጠረጥርለት ነበር፣ ደስ እንዲለው።» ከዚያም ወደ ፀሐይነሽ ዞረው፣ «የጻፍሽውን ቅደጂና እንደገና ጻፊው። የልጄን ስም ጻፊበት» አሉ።

እዚያ ቁጭ ብለው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ወ/ሮ ባይነሽ በሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። የከለከላቸው አልነበረም። ዛሬ ጠዋትም ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት በባለቤታቸው ኮት ኪስ አንድ እፍኝ የበቆሎ ቆሎ ከተቱ።

አቶ ቀለሙ ገብሬ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ባይነሽ አሊጋዝ፣ ልጃቸው ፌበን ቀለሙ እና ታናሽ እህታቸው ፀሐይነሽ ገብሬ በሐዘን ቀርተዋል። ልጃቸው ኢዮስያስ ቀለሙ በ1970 ዓ.ም. በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሞቶ ቀድሟቸዋል። ለእሱ ድንኳን አልተተከለም ነበር። ቧንቧ ውሃ የቆመው የቅሬው ድንኳን የሁለቱም ነው፤ ለአባትየው የመጣችሁ ሁሉ ከቀብር ስትመለሱ ለልጁም ተቀመጡለት።

ጌታ አባትና ልጅን በአንድ ያሳርፍ፤ እናንተንም ከቤታችሁ ክፉ አያሰማችሁ።