ከአባባ አልጋ እስከ በሩ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ ሳህሉ፤ ጅዳ።

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት አደረገህ? ባለቤትህ ንጋት ወገቧን ተሻላት? ትንሿ ናኦሚስ አማርኛ ጀመረች ወይስ በአረብኛው ብቻ ቀረች? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ የአባባ ነገር አለ፤ ደህና አይደለሁም ብልህ ደግሞ በሰው አገር ትጨነቅብኛለህ። በስልክ መናገር ቢያቅተኝ ነው የምጽፍልህ።

አባባን ግማሽ ጎኑን ከመታው ወዲህ ሆስፒታል የሰጡን ዊልቸር ቤት ውስጥ አልሄድ እንዳለ ነግሬህ ነበር። ወለሉ አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎማው ጭቃ ይይዛል። የላክኸው ሃያ አራት ሺህ ብር እንደደረሰኝ አብሮ አደግህን ግንበኛውን ቀነዓን ጠራሁት። ሜትሩን ዘርግቶ ለካና ቤቱ በሙሉ ሠላሳ ስድስት ካሬ ነው አለ። ጎረቤታችን አዴ ደራርቱ ዐሥራ ሁለት ካሬ ክፍላቸውን ሊሾ ያስደረጉት በዐሥራ ስምንት ሺህ ነበር። የእኛ ቤት የእሳቸው ክፍል ሦስት እጥፍ ስለሆነ ዋጋውም ሦስት እጥፍ፣ ሃምሳ አራት ሺህ ሊሆን ነው። ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሒሳቡን ገለበጥነው። ካሬው በአንድ ሺህ አምስት መቶ ከሆነ፣ ያንተ ብር ዐሥራ ስድስት ካሬ ይሠራል። የአባባ ክፍል ዐሥራ ሁለት፤ ከክፍሉ እስከ ውጭው በር ዊልቸሩ የሚያልፍበት አራት። ልክክ አለ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ቀነዓ ቢላ ከተማ የጀመረውን ሥራ ጨርሶ እስኪመለስ ግን ሲሚንቶ ተወደደ። ካሬው ሁለት ሺህ ገብቷል፣ ብርሽ ከዐሥራ ሁለት ካሬ አያልፍም፣ እሱንም ክፍሉን ብቻ ልሥራልሽ አለኝ። እኔም የምጨምረው አልነበረኝም፤ የነበረኝ በመድኃኒት አልቋል። አባባ ተኝቶ ይሰማን ነበር። ምላሱ ስለተሳሰረ ቃል ይከብደዋል።

«ከበሩ ጀምሩ» አለ።

ቀነዓ አልጋዎ ሥር አፈር ሊቀር ነው እኮ አባባ ቢለው፣ «ወጥቼ ሰው ልይበት» አለው። በቃ፣ እንዳለው አደረግን። መንገዱ ከበሩ ተነሥቶ አልጋው አጠገብ ደረሰ፤ ማዶው አፈር ቀረ።

ሊሾው ሳይደርቅ አባባን ድጋሚ መታው። አሁን ደግፈን ብናስቀምጠው እንኳ በጎኑ ይወድቃል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቤታችሁ አስታሙት ብሎ ሸኘን። በሩን ከፍቼ ብተውለትም ከተኛበት ውጭው አይታየውም። የሚያልፈው ሰው «ነጋ ጂርታ?» ብሎ ሰላም ሲለው ይሰማል፤ የእሱ ድምፅ ግን ደጅ አይደርስም።

ለቀሪው ወለል እልካለሁ ማለትህን ተወው፤ የሚሄድበት የለም። ና እንዳልልህም የመኖሪያ ፈቃድህ እንዳለቀ፣ ከወጣህ እንደማትመለስ አውቃለሁ። ሰሞኑን ሰው በገባ ቁጥር «ሳህሉ ነው?» ይለኝ ነበር፤ እኔም መንገድ ላይ ነው እለው ነበር። ካለፈው እሑድ ወዲህ ግን መጠየቁን ተወ።

ንጋትን እቀፍልኝ። ናኦሚን በእኔ ምትክ ጉንጯን ሳምልኝ። አዴ ደራርቱና ቀነዓ ሰላም ብለውሃል። አባባን እኔ ስሜልሃለሁ።

እህትህ ሸዋገነት
ነቀምቴ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.