ከካልደር አካዳሚ የደወል ማማ ስለተፋቀው ኮርኒስ

ለክቡር ሚስተር አልደን ክሮስዌል
የካልደር አካዳሚ እድሳት ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ካልደር፣ ቨርሞንት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በበረዶው ወራት ሲያስቸግርዎት የከረመው ጉልበትዎ ተሽሎት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ሽሮፕ የማፈላው የሜፕል ዛፍ ውሃ ዘንድሮ ቶሎ ወረደልኝ፣ ላሞቹም አልታመሙብኝም፤ ስለዚህ ለማልቀስም እርስዎን ለማመስገንም በቂ ጊዜ አግኝቻለሁ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይደባለቅብዎ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ. በየዓመቱ በማርች ወር በምናደርገው የከተማ ጉባኤ ላይ ሕንፃውን «መሥራቾቹ ወደተዉት መልኩ» ለመመለስ ድምፃችንን ሲጠይቁን፣ ሰዓቱን ስለመረጡበት ብልሃት አመሰግናለሁ። ጥያቄው የቀረበው ልክ ከምሳ በፊት፣ የአደንጓሬው ሽታ ከምድር ቤት ወደ አዳራሹ መውጣት ሲጀምር ነበር። በዚያ ሰዓት እጁን የማያወጣ የካልደር ሰው የለም። መልኩ የሚባለው የትኛው እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም የሚያፈሰው ጣሪያ ይጠገናል ብዬ እጄን አወጣሁ።

2ኛ. ከመሥራቾቹ ዘመን በኋላ የገባውን ሁሉ፣ የብረት ምድጃውን፣ ጥቁር ሰሌዳዎቹንና ግማሹ ከተማ የተጫጨበትን በረንዳ ነቅለው ስለወሰዱልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። መሥራቾቹ በብርድ ሜዳ ይጸዳዱ እንደነበር ብናውቅም፣ ለጎብኚዎች ያሠሩትን ሞቃት መጸዳጃ ቤት አይተን ታሪክን ማክበርም ልክ እንዳለው ተምረናል።

3ኛ. አሁን ወደ ደወሉ ማማ እመጣለሁ። እርስዎ ካልደር የመጡት አካዳሚው ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ላያውቁ ይችላሉ፤ የጠየቁትም ሰው የለም። አካዳሚው ከተከፈተበት ከ1798 ጀምሮ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ሁሉ በመጨረሻው ቀን ማማው ላይ ይወጣና ሻማውን ወደ ኮርኒሱ አስጠግቶ በጭሱ ስሙን ይጽፍ ነበር። መምህራኑ እሳት ታስነሣላችሁ እያሉ ይቆጡ ነበር፤ የሚቆጡት ግን በልጅነታቸው ከጻፉት ከራሳቸው ስም ሥር ቆመው ነው። መሥራቾቹ በሕይወት ሳሉ የጻፉት ልጆች ስም ከደወሉ በስተምሥራቅ ይነበብ ነበር። የኮሚቴዎ ባለሙያዎች ይህን ሁሉ «የቆየ የጥላሸት ጉዳት» ብለውት በማሽን አስፍቀውታል። እንግዲህ መሥራቾቹ በዓይናቸው ያዩትን የልጆች ጽሑፍ፣ መሥራቾቹን ለማክበር ሲሉ አጠፉት ማለት ነው። ይህ ቀላል ችሎታ አይደለም።

አካዳሚው ሊዘጋ ሲል ከተመረቁት የመጨረሻ ልጆች አንዷ ልጄ ሮዌና ነበረች። ስሟን ጽፋ ስትመለስ የቀለጠው ሰም አውራ ጣቷን አቃጥሎት ነበር። ቅቤ ልቀባት ስል ሳቀችብኝና «እማ፣ የመጨረሻዋን ፊደል ስጽፍ ሻማው ሊጠፋብኝ ሲል ቸኮልኩ፤ ጭራዋ ሄዳ ሄዳ ደወሉ ጋ ደረሰች» አለችኝ። በዚያው ዓመት፣ የገና በዓል ሳይደርስ፣ መኪናዋ ድልድዩ ላይ በበረዶ ተንሸራተተና ሞተች።

መቃብሯ ላይ ያለውን ስም የጻፈው ድንጋይ ጠራቢው ነው። ማማው ላይ የነበረውን የጻፈችው እሷ ናት። ሌላ የእጅ ጽሑፍ የላትም ወይ ይሉኝ ይሆናል። አላት፤ የሂሳብና የታሪክ ደብተሮቿ መሳቢያ ሙሉ ናቸው። እነዚያን ግን የጻፈችው አስተማሪ አዝዟት ነው፤ ይህንን ወዳ፣ እየሳቀች ነው የጻፈችው። በየዓመቱ በልደቷ ቀን ያንን ጠባብ ደረጃ እወጣና ያቺን ጭራዋ የረዘመ ፊደል አያት ነበር። ከዚያ ወርጄ ላሞቼን አልባለሁ። ከከተማው ከዚህ የበለጠ ነገር ጠይቄ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ልደቷ ነበር። የማማው በር ተቆልፎ ስላገኘሁት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ቁልፉን ለመንኩ። እርስዎም፣ ክብረት ይስጥልኝ፣ ከወንበርዎ ተነሥተው «ወይዘሮ ቶርንዳይክ፣ አሁን እኮ እዚያ ላይ የሚታይ ምንም ነገር የለም፤ በኖራ ቀብተነዋል» አሉኝ። የነገሩኝ ደስ እንዲለኝ ነበር። ፊትዎን ሳየው ክፋት አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ስሟን አንብበው አጠፉት ማለት ነበር።

አራተኛም ነበረኝ። ነገር ግን ሦስተኛውን ከጻፍኩ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ፤ ለዚህ ድፍረት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ኮሚቴዎ ወደፊት ሊያድስ ከሚያስባቸው ቤቶች ሁሉ የእኔን ጎጆ እንዲተውልኝ በትሕትና እየተማጸንኩ፣ ለድካምዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የሮዌና እናት፣
ማርሲያ ቶርንዳይክ

ማስታወሻ፦ ኮርኒሱ በተፋቀበት ቀን ለሠራተኞቹ ዶናት ይዤ መጥቼ ከማማው ሥር ቆሜ ነበር። ከላይ ማሽኑ ሲጮኽ ሰምቼ እሰይ፣ ሥራው ተጀመረ አልኩ። ጠቆር ያለ አቧራ ካፖርቴ ላይ ሲዘንብ ቆየ፤ ምን እንደሆነ የነገረኝ ስላልነበረ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሜ በእጄ አራገፍኩት። በሕንፃው ምረቃ ዕለት ለሥራው መሳካት የተባበሩትን ሲያመሰግኑ እባክዎ የእኔን ስም እንዳይዘነጉ፤ እርስዎ የጀመሩትን የጨረስኩት እኔ ነኝ።