መታጠፊያው ጋ የቀረው እምቦጭ

ይድረስ ለውዷ እህቴ ለእትዬ ፀሐይቱ። እንደምን ከርመሻል፣ የመተሐራ ሙቀት በረታብሽ ወይ? እኛ ክብሩ ይስፋ ደህና ነን። ስልክሽ ከክረምት ጀምሮ ዝግ ነው፣ ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ በሚመላለሰው ሹፌር በሮሪሳ እጅ የላክሁልሽ።

እዚህ አቃቂ ወንዛችንን እምቦጭ ሸፍኖት የሰፈር ሰው በበጎ ፈቃድ እያወጣን ነው፣ ወንዶቹ ውሃ ውስጥ ገብተው በመንሽ ይጎትታሉ፣ እኛ ሴቶቹ ዳር ላይ እንከምራለን። አንድም ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም። እማዬ "የማንን ልጅ አይተሽ ነው ወንዝ ዳር የምትውዪው?" ብላ ትስቅብኛለች፣ እኔም እስቃለሁ። የጌዲዮንን ምሳ አሁንም ከድና ታስቀምጣለች። ያኔ ወንዙ የሞላ ለታ ወንድማችን ከፋብሪካ ወጥቶ ሳይመጣ የቀረው እህቱ ጋ፣ አንቺ ጋ፣ ሄዶ ነው ትላለች፣ እኔም አዎ እላለሁ።

መንሹ ከባድ ነገር ሲይዝ ሁሉም "ሳብ! ሳብ!" ይላል፣ እኔ የያዝኩትን ጥዬ እቆማለሁ። ባለፈው ጫማ ወጣ፣ ሮጬ አየሁት፣ የሴት ነው፣ ተመስገን ስል ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፣ ይሳቁ። ዘመቻውን ብለው ቲሸርት ያደሉን ሰዎች ደግሞ ፎቷቸውን ተነሱና ወንዙ መታጠፊያ ጋ ሳንደርስ በቃ አሉ፣ ውሃው ያመጣውን ሁሉ የሚጥለው እኮ እዚያ ነው! ለምኜ ለምኜ የዚያን እምቦጭ የፊታችን ቅዳሜ ሊያወጡት ነው።

እትዬ ቅዳሜ ነይና አጠገቤ ቁሚ፣ ለእማዬ ናፍቃችሁኝ ነው በያት። ጌዲዮን አንቺ ጋ ካለ ግን አትምጪ፣ በሮሪሳ ስልክ ድምፁን ብቻ አሰሚኝ።

በሰላም ያገናኘን፣ ታናሽሽ ትንቢት።