የልጄ ጸጉር የረገፈው በቁጣ ነው ላላችሁ ሽማግሌዎች

ለቤተ ክርስቲያናችን የተከበረ የሽማግሌዎች ጉባኤ፣
ለጉባኤው ሰብሳቢ ለወንድም ሰይፈሥላሴ፣
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

እኔ ያደታ ዕድሜዬ ሰባ ሰባት ነው። ብርድ ሲገባ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ መኪናዬን ራሴ እነዳለሁ፣ በረዶውን ራሴ እጠርጋለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ ማንም ሳይጽፍልኝ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነውና አንዳንዱ ሆሄ ተንጋዶ ብታገኙት የእጄ ጥፋት ነው፣ የሐሳቤ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ እንደ ክብራችሁ መጠን ይድረሳችሁ። ጤናችሁ እንዴት ሰነበተ? ስኳሩ፣ ደም ግፊቱ፣ ወገባችሁስ? ልጆቻችሁ ደኅና ናቸው? የራሳችሁ ጸጉርስ እንዴት ነው? ይህን መጠየቄ በድፍረት አይቆጠርብኝ፤ ወደ ታች ስትደርሱ ምክንያቱ ይገባችኋል።

ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ ከመስጠት ይልቅ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እናንተን ለማሳፈር አይደለም። የእኔ ቤት ጉዳይ በማይክሮፎን የተነገረ ስለሆነ፣ የእኔም መልስ ሰው ፊት ቢሆን እኩል እንሆናለን ብዬ ነው።

ነገሩን ለማታውቁ ምእመናን ባጭሩ ላስረዳ። ሰምሀል የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። ስትወለድ ወንድ ልጅ ተብላ ነው የታቀፍናት፤ ሌላ ስምም ነበራት፤ ያንን ስም አልጽፈውም። ሴት ነኝ ካለችኝ ከርሟል፤ ሐኪም ያዘዘላትን የሴት ሆርሞን የሚሉትን መድኃኒት ትወስዳለች። እኔ ነገሩ ሁሉ ገብቶኛል ብዬ አልዋሽም። እሷን “አንቺ” ማለቱም ምላሴ ላይ ገና እንግዳ ነው። ነገር ግን ከሥራ ስትመለስ ደረጃውን ስትወጣ ኮቴዋን አውቀዋለሁ፤ የልጄ ኮቴ ነው።

ሰምሀል ከሁሉ የምትሳሳው ለጸጉሯ ነው። ትከሻዋ ላይ የደረሰ ቀን መስታወት ፊት ቆማ ያየሁባትን ፊት፣ እናቷ ባለቤቴ አይናለም ኖራ ብታየው ብዬ ተመኝቼ ነበር። በዚህ ክረምት ግን ይረግፍ ጀመር። ትራሷ ላይ፣ መታጠቢያው ቀዳዳ ላይ፣ በምትሠራበት በሪከንባከር መጋዘን ካርቶን ስታሽግ ፕላስተሩ ላይ ሳይቀር እየተጣበቀባት መጣ። እሷ “ኢትስ ፋይን፣ ዳድ”፣ ምንም አይደል፣ ትለኛለች፤ እኔ ግን ማበጠሪያዋን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አገኘሁት።

ሐኪሟ ዘንድ አብሬ ገባሁ፤ በስልክ አስተርጓሚ ሰጡኝ። ሐኪሟም፣ ሰውነት በመድኃኒቱ ሲለወጥ አሮጌው ጸጉር የሚረግፍበት ጊዜ ሊኖር ይችላል፣ ጭንቀትም ያረግፋል፣ የደም ብረት ማነስም ያረግፋል፣ ደሟን እንመረምራለን፣ ነገሩ ወራት ይፈጃልና ታገሱ አለች። ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ቃል ግን አልገባልዎትም አለችኝ። ቃል የማይገባ ሰው አከብራለሁ፤ ያን ቀን ግን ብትዋሸኝ በወደድኩ።

ከዚያ የማውቀውን ሞከርኩ። ለጋ ቅቤ ገዝቼ፣ እናቷ ታደርገው እንደነበረው ራሷን ቀብቼ፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት። “ዳድ፣ አይ ስሜል ላይክ ላንች”፣ ምሳ ምሳ እሸታለሁ፣ ብላ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር። ቅቤው ሳቋን እንጂ ጸጉሯን አልመለሰም። እጄ ሲያጥር ወደ እናንተ ዞርኩ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ቴሌግራም ላይ፣ “ልጄ ከምትወስደው መድኃኒት የተነሣ ጸጉሯ እየረገፈ ነውና በጸሎት አስቡን” ብዬ የጸሎት ርዕስ ጻፍኩ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ላደረጋችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። መድኃኒትና የሚረግፍ ጸጉር አንድ ላይ ሲጠሩ እህቶቻችን የገመቱት አይናለምን የወሰደብኝን በሽታ ነው። አልፈርድባቸውም፤ የእሷንም ጸጉር ያረገፈው መድኃኒት ነበር። በማግስቱ ደረጃውን ሞልተው መጡ። እህት ሮማን ትልቅ ድስት ወጥ እንደያዘች፣ “ወይኔ ጋሼ ያደታ፣ ደግሞ በልጅዎ መጣብዎት?” ብላ ድስቱን ሳታስቀምጥ ማልቀስ ጀመረች፤ ወጡ በሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። እኔም ሸሚዜን ስጠርግ፣ ሰምሀል የእናቷን ሻርፕ አስራ ከክፍሏ ወጣች። ያ ሻርፕ አይናለም ስትታመም የእህቶች ኅብረት ያመጣላት ነው። ሲያዩት ለቅሶው ባሰ። በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ያን ቀን አማርኛዋን ሰብስባ፣ “እትዬ ሮማን፣ አያልቅሱ። ካንሰር የለብኝም። የምወስደው የሴት ሆርሞን ነው። ጸጉሬ ግን እውነት እየረገፈ ነው፤ ከጸለያችሁልኝ ደስ ይለኛል” አለች። በውሸት እንባ የመጣ ወጥ አልበላም ማለቷ ነው። እንዲህ አድርጋ ያሳደገቻት እናቷ ናት፤ እኔ አጨብጫቢ ነበርኩ።

ከዚያ ሁሉም በአንዴ ሥራ እንዳለበት ትዝ አለው። ኮት ሲለበስ፣ ጫማ ሲፈለግ፣ ማንም አልጸለየም። ወጡ ግን ትኩስ ነበር፤ ስለ ወጡ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ድስቶቹን ስላልረሳችሁ አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ ወንድም ምንያህል ስልክ ደውሎልኝ፣ “ጋሼ፣ እህቶች ዕቃቸውን ይፈልጉታል፤ ውጭ በሩ ላይ ቢያስቀምጡልን እናነሣዋለን” አለኝ። አይናለም በታመመች ጊዜ የመጣው ድስት ከኛ ቤት ወር ሲቀመጥ ጠያቂ አልነበረውም። ሰው ቤት ገብታችሁ እንዳትቸገሩ ብላችሁ ያሰባችሁት ጨዋነት ልቤን ነክቶታል።

፫ኛ፦ የሚቀጥለው ትንሽ ይረዝማልና ትዕግሥታችሁን።

ወንድም ሰይፈሥላሴ ባለፈው እሁድ መድረክ ላይ ወጥተው፣ “ከመካከላችን በአንዱ ቤት ያለ ልጅ ጸጉሩ በእጁ ላይ እየረገፈ ነው፤ ይህ የእግዚአብሔር የቁጣ ምልክት ነው፤ ዐይን ያለው ይይ” ሲሉ ጉባኤው አሜን አለ። ስም ስላልጠሩ አመሰግናለሁ። ሁሉም ሰው ዞሮ እኔን ስላየኝ ስሙ አላስፈለገም። ሰምሀል ያን ጊዜ ፓርኪንጉ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጣ በስልኳ የአምልኮውን ቀጥታ ስርጭት ትከታተል ነበር። መዝሙሩን ትወዳለች። መግባት ስለፈራች ነው እንጂ ከእናንተ አርባ እርምጃ አትርቅም ነበር።

ቤታችን ወዳለበት ወደ ሬይኖልድስበርግ ስንመለስ፣ “ዳድ” ማለቱን ትታ፣ “አባዬ፣ እውነት ተቆጥቶ ይሆን እንዴ?” አለችኝ። የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ እኔ አፌ የማይፈታ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ። ከአውራ ጎዳናው የምወጣበትን መውጫ አልፌ ሄድኩ። ቀጣዩንም አለፍኩት።

አሁን አንድ ነገር እንድታስተምሩኝ በትሕትና እለምናለሁ። አይናለም ጸጉሯ ሲረግፍ፣ ከዚያው መድረክ፣ በዚያው ማይክሮፎን፣ እኚሁ ወንድም ሰይፈሥላሴ፣ “ፈተና ነው፣ ጌታ ከእህታችን ጋር ነው” ብለው አንብተው ነበር። እኔ የሚስቴንም የልጄንም ጸጉር ከዚያው ከመታጠቢያው ቀዳዳ በእነዚህ ጣቶች ሰብስቤአለሁ። እርጥብ ጸጉር ነው። ቀለሙም አንድ ነው፣ የእናቷን ነው የወሰደችው። የትኛው ፈተና፣ የትኛው ቁጣ እንደሆነ በዐይኔ መለየት አልቻልኩም። እናንተ ስለምትችሉ፣ ጉባኤው ቀን ቆርጦ ቤቴ መጥቶ ቢያሳየኝ ወንበር አዘጋጃለሁ።

ሰላምታዬ ላይ ስለ ጸጉራችሁ የጠየቅሁትም ለዚህ ነው። ከጉባኤው አባላት ወንድም ምንያህል ሲቀር ሁላችሁም ራሰ በራ ናችሁ። ወንድም ሰይፈሥላሴ ለጸሎት ጎንበስ ሲሉማ የጣራውን መብራት ራሳቸው ላይ እናየዋለን። ይህን ሁሉ ዘመን እኔ የዕድሜ ነገር ነው እያልኩ በየዋህነት አልፌው ነበር። እንዲህ ያለ ቁጣ ላያችሁ ላይ ወርዶ ሳለ አንድ ቀን እንኳ ሳልጸልይላችሁ በመቅረቴ ይቅርታ አድርጉልኝ።

፬ኛ፦ በሩን ጨርሳችሁ ስላልዘጋችሁ አመሰግናለሁ። መድኃኒቱን ካቆመች፣ ጸጉሯን ከተቆረጠች፣ ሻርፑን ከፈታች ከእኔ ጎን መቀመጥ እንደምትችል በወንድም ምንያህል በኩል ልካችሁብኛል። ሐኪሟን ጠይቄ ነበር፤ መድኃኒቱን ማቋረጥ ጸጉሩን አይመልሰውም፣ እንዲያውም ሊያሳሳው ይችላል ብላለች። ለሐኪም ነገር ጊዜ እንደሌላችሁ ስለማውቅ አላስረዝምም። ደስ እንዲላችሁ ያህል ግን ልንገራችሁ፤ ከእሁድ ወዲህ ሰምሀል መድኃኒቱን አልነካችም። ለሥራም አልወጣችም። ብልቃጡ ማቀዝቀዣው ላይ እንደተከደነ አለ፤ ውኃ ልጠጣ በተነሣሁ ቁጥር አየዋለሁ። ክፍሏ በር ላይ ሳህን አስቀምጣለሁ፣ ሳህኑን አነሣለሁ፤ ምግቡ እንዳለ ነው። ያላችሁት ተሳክቶላችኋል።

እኔ ቁጣ አይደለም ብያታለሁ። አልሰማችኝም። “አባቴ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚለው” ብላ ታስባለች። አባት ስለሆንኩ ዋጋ የሌለኝ ሰው መሆኔን በዚህ ሳምንት ተምሬአለሁ። ከእናንተ አፍ የወጣ ቃል በእናንተ አፍ ካልተመለሰ የእኔ እጅ አይደርስበትም። በረዶ ይጠረጋል፤ ይህን ግን በምን እንደምጠርገው አላውቅም።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ስለ ሌላው ሁሉ ዕድሜ ከሰጠን ስንከራከር እንኖራለን፤ በብዙው እኔም ከእናንተ የተሻለ አላውቅም። ነገር ግን ወይ አንዳችሁ መጥታችሁ በሯ ላይ ቆማችሁ፣ ወይ በዚያው ማይክሮፎን፣ “ሰምሀል፣ ጸጉር ይረግፋል፤ ምልክት አይደለም” በሉልኝ። ይህችን ለማለት ሥነ መለኮት አይጠይቅም። ራስን መዳበስ ይበቃል።

በበኩሌ ያለብኝን ዕዳ ለሌላ ሰው ሳልተው ራሴ እከፍላለሁ። ድስቶቻችሁን አጥቤ ጨርሻለሁ። ባዶ ዕቃ መመለስ በቤቴ ስለማይታወቅ በእያንዳንዱ ውስጥ ዳቦ ጋግሬ አስገብቻለሁ፤ ባንድ ጎኑ አርሯል፣ ያረረውን ጎን ለማን እንደምሰጥ ግን አስቤበታለሁ። ውጭ በር ላይ አላስቀምጥም፤ የእያንዳንዳችሁን ደወል እየደወልኩ በእጃችሁ አስረክባለሁ። እህቶች ያለቀሱልንን እንባ፣ ለሌላ በሽታ የታሰበ ቢሆንም፣ አንዳቸው ሲቸገሩ አልቅሼ እመልሳለሁ። የአይናለምን ሣጥን በትከሻችሁ ተሸክማችኋል፤ ይህን እስክሞት አልረሳም። የእናንተ ተራ ሲደርስ ትከሻዬ ካልከዳኝ እሸከማችኋለሁ። ከከዳኝም አትስጉ፤ ሌላውን ጫፍ የምትይዝ፣ ካርቶን በማንሣት ክንዷ የጠነከረ ልጅ አለችኝ።

ጤናችሁን፣ ዕድሜያችሁን፣ የቀረችውንም ጸጉራችሁን እግዚአብሔር ይጠብቅላችሁ እያልኩ፣ ለመድረኩ ካለኝ አክብሮት ጋር፣

የሰምሀል አባት፣ የአይናለም ባል፣
ሦስተኛው ረድፍ ግራ በኩል የምቀመጠው
ያደታ

ይድረስ ለእህት ሮማን፦ ከድስትሽ ጋር ሻርፑንም አብሬ እንደምልክ ጠብቀሽ ከሆነ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ቀለሙን የመረጥሽው አንቺ እንደሆንሽ አይናለም ነግራኛለች። ዛሬ ጠዋት ሰምሀል በሩን ትንሽ ከፍታ እሰርልኝ አለችኝ፤ ማሰር አላውቅበትም፣ አጣምሜ አሰርኩት። አልመልሰውም፤ ራሷ ላይ ነው ያለው። መጥተሽ ብታቃኚው ግን በሩ አይቆለፍም።