ደህና አደረች እያልኩ

ይመኙሻል ዓለሜ፣

ስትለዪኝ ከቤታችን በታች ያለው ጤፍ ገና አረም ላይ ነበር፤ አሁን ታጭዶ ተከምሯል። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላለቀስኩልሽም። ይህን ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱን እሳት ውስጥ እጨምረዋለሁ።

ጡትሽ ላይ የወጣው ነቀርሳ ሲፈነዳ እንዴት እንደፈራሁ ታስታውሺያለሽ? ቅኔ ከማስተማር በቀር የማውቀው አልነበረም። ቁስል ማጠብ፣ ጨርቅ መቀቀል፣ ስታቃስቺ ፊቴን አለማጥቆር ከየት ልማር? የማርያም ማኅበርተኞችሽ ባይኖሩ አብጄ ነበር። ጣሊያን ከቀብር በቀር ሰው እንዳይሰበሰብ ሲከለክል፣ አርበኛ ታበላላችሁ እያለ ቤት ሲያቃጥል፣ እነሱ እንስራ አዝለው ወደ ምንጩ የሚወርዱ መስለው አንድ አንድ እያሉ በጓሮ ገቡልን። እማማ ዘውዴ መቆም ሲያቅተኝ አይተው፣ «መሪጌታ፣ ይሂዱና ግራሩ ሥር ጋደም ይበሉ። እርስዎም ሰው ነዎት» አሉኝ። የዚያን ቀን እንቅልፍ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ የባንዶቹ አለቃ እንስራው በዛ ብሎ መጣ። ይህን ሁሉ ውሃ የሚጠጣው ማነው እያለ ጓዳውን ሊፈትሽ ገባ። አንቺ ግን ጨርቁን ከቁስልሽ ላይ ራስሽ ገለጥሽለት። አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከአጥሩ አልፎ አያውቅም፤ ውጭ ቆሞ እንዴት አደረች ይለኛል።

ወንድምሽን አየለን ጭኑን ተመትቶ ከጫካ ያመጡት አንቺ ልትሄጂ ስትይ ነበር። ያልሽኝ ቃል አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «እኔ ብሞት አታልቅሱ። አልጋዬ ላይ እሱን አስተኙት።» ባንዶቹ ለሰልፍ ቡሬ በወረዱበት ቀን ያለ ጩኸት ቀበርንሽ፤ መቃብርሽንም በሣር ሸፈንነው። አየለ ጋቢሽን ተከናንቦ አልጋሽ ላይ ተኛ። ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው መምጣቱን አልተዉም፤ አንቺን ባጠቡበት እጅ እሱን ያጥባሉ። እኔም በየማለዳው አጥሩ ጋ ቆሜ ደህና አደረች እላለሁ። አንዳንዴ እውነት ይመስለኝና ወደ ጓዳ ዞር እላለሁ።

ትናንት የባንዶቹ አለቃ አዝኖልኝ መጣ። እናቱ በዚሁ በሽታ እንደሞተችበት ነገረኝ። የጣሊያኑን ሐኪም ለምኖልኝ፣ ከነገ ወዲያ ከቡሬ ይዞልኝ ሊመጣ ነው። አመሰገንኩት። ሲሄድ አጥሩን ይዤ ቀረሁ። አየለ ገና አይራመድም። ከተገኘ እሱም እኔም እንሰቀላለን፤ የእነዚያም ሴቶች ቤት ይነዳል።

መላውን ያመጡት እማማ ዘውዴ ናቸው። ነገ ጠዋት ትሞቻለሽ። ደጅ ወጥቼ እሪ እላለሁ፤ አገሩ ይሰበሰባል። አየለ ተገንዞ፣ ጋቢሽን ለብሶ፣ በቃሬዛ ይወጣል። ባንዶቹ በሽታውን ስለሚፈሩ አይጠጉም እንላለን። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጓደኞቹ ይቀበሉታል፤ እኛም መቃብርሽ ላይ አፈሩን እንደ አዲስ እንቆልላለን። መንገድ ላይ ቢያስለውስ? ተሸካሚዎቹ ሲያነሱት ቢያቃስትስ?

ሴቶቹ ግን የፈሩት ሌላ ነው። መሪጌታ ልቅሶውን ያስመስሉት ይሆን ወይ እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው። ለእሱስ አትስጉ አልኳቸው።

ከነገ ከተረፍኩ ስምሽን በየቅዳሴው አነሳለሁ፤ አገር ሲረጋም ተዝካርሽን አወጣለሁ። ነገ ጠዋት ስጮኽ ብትሰሚ አትደንግጪ ዓለሜ። የራስሽ ልቅሶ ነው፤ ዘግይቶብሽ ነው እንጂ።

ባልሽ