የፋሲካ ማግስት ፈተና

ሐሙስ

ዛሬም አልገባኝም። እዚህ አሜሪካ፣ ሄለን ሃይስኩል ሳትጨርስ እንዴት የኮሌጅ ትምህርት ይቆጠርላታል? «እማ፣ ስንቴ ልንገርሽ! ኤፒ ከባድ ፈተና ነው። ካለፍኩ ኮሌጁ ክሬዲት ይሰጠኛል፣ ያንን ኮርስ ድጋሚ አልማርም» ትላለች ልጄ። እሺ። ግን የምትፈተነውን ኬሚስትሪ የሷ ትምህርት ቤት አያስተምርም። ከመስከረም ጀምሮ መጽሐፉን ብቻዋን ነው የያዘችው። የምትፈተነው ሌላ ከተማ፣ ማሪዬታ ነው፣ በማታውቀው ትምህርት ቤት። ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት።

መጽሐፉን ገለጥኩት። ማንበብ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መጽሐፍ አያስፈራኝም ነበር። ይኼኛው አስፈራኝ።

ደግሞ አክፍላለሁ ትላለች። ከዛሬ ማታ እስከ ፋሲካ እህል ውሃ ሳትቀምስ! ልከልክላት? ልጅ ጾም አትጹሚ ይባላል?

ዓርብ፣ ስቅለት

ቤተ ክርስቲያን ዋልን። ሄለን ሳትቀመጥ ስትሰግድ ዋለች። የንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ጌታ እሑድ ይነሣል፣ ፈተናው ሰኞ ነው። ምኑ ተጋጨብሽ?» አሉኝ። ወደሷ ዞረው ደግሞ «አንቺ ግን ራስሽን ካዞረሽ ውሃ ጠጪ። ኬሚስትሪውን ሳትፈተኚ መሞት የለም» አሏት። ሳቀች።

የልቤን አልነገርኳቸውም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኮሌጅ ጀምሮ ነበር። «መጀመሪያ ቤት እንግዛ» አልኩት። ትምህርቱን ተወው። እስኪሞት ድረስ ኤርፖርት ታክሲ ነዳ። ቤቱ ይኸው አለ።

ቅዳሜ

ሶፋው ላይ ተጋድማ ጥያቄ ትሠራለች። ከንፈሯ ደርቋል። ዶሮ ስሠራ «እማ ፕሊስ፣ በሩን ዝጊው፣ ሽታው ሊገድለኝ ነው» አለች። ዘጋሁት። ውሃ ጠጥታ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ብትጠጣም ባትጠጣም መጨነቄ አይቀርም።

እሑድ፣ ፋሲካ

ጥፋቱ የኔ ነው። ከቅዳሴ ስንመለስ መጀመሪያ ተልባ በጥብጬ ልሰጣት ይገባ ነበር፤ ከጾም የወጣ ሆድ በሱ ነው የሚለሰልሰው። እኔ ግን ለፈተናው ትበርታልኝ ብዬ ዶሮውን ከነቅቤው አቀረብኩላት። «ትንሽ ብቻ» አለች። «ብዪ! እንቁላሉንም» አልኳት። አጎረስኳት። ደገምኳት።

ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሳት ዋለ። መጽሐፉ አልተከፈተም። ጎረቤቴ ደውላ «እንኳን አደረሳችሁ፣ በላችሁ?» ስትለኝ «በላን፣ በላን» አልኩ።

ሰኞ

ከቤታችን ከሊልበርን እስከ ማሪዬታ ድረስ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ሄደች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለችው ሠራተኛ ፊቷን አይታ፣ ካመማት ለሌላ ቀን ሊዛወርላት እንደሚችል ነገረችን። ሄለን ወደኔ ዞረች።

«እማ፣ ምን ላድርግ? ፖስትፖን ላድርገው?»

«ተይው፣ ወደ ቤት እንሂድ» ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሷል። ዋጥኩት። «አንቺ ያልሽው ይሁን» አልኩ።

«እሱማ መልስ አይደለም!» ብላ ተቆጣችኝና ገባች።

መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ደግ ሠራሁ? ወይስ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት? ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ባለቤቴንም እንዲህ ብለው ኖሮ ይማር ነበር ይሆን? ወይስ እሱም ይቆጣኝ ነበር?

ፊቷ ገርጥቶ ወጣች።

«የመጨረሻውን ጥያቄ አልጨረስኩትም» አለች። «ሌላው... አላውቅም። አንዳንዱን በደንብ ሠርቻለሁ። አንዳንዱ ምን እንደሚል ራሱ አልገባኝም።»

ውጤቱ የሚመጣው በሐምሌ ነው። ወንበሯን ወደኋላ ለጥጣ ወዲያው ተኛች። እንዳትነቃ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ከኋላዬ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ነፉብኝ። ይንፉ።